ቴርሞሜትሩ 39.4 ሲል

ሁለት ልጆች እናስብ። ሁለቱም ወደ 2 ዓመት ገደማ ናቸው። አንደኛውን 39.4 ያተኩሰዋል። ጉንጩ ቀልቷል፣ ይነጫነጫል፣ ከእቅፍ አልወርድም ብሏል። ግን ውሃ ሲሰጡት ይጠጣል። የትኩሳት መድኃኒት ከወሰደ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ መኪናውን እየገፋ ከክፍል ክፍል ይዞራል። የሁለተኛው ሙቀት 38.2 ነው። ቁጥሩ ብዙም አያስደነግጥም። ይሁንና ልጁ እናቱ ትከሻ ላይ ዝልፍልፍ ብሏል። ስሙን ሲጠሩት ቀና አይልም። ዳይፐሩ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው።

ቤተሰቡን እንቅልፍ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ነው። ሐኪም የሚያሳስበው ግን ሁለተኛው ነው።

ቀን ላይ ተቀምጠን ስናወራው ይኼ ግልጽ ነው። ሌሊት ላይ ግን ይጠፋብናል። ዐይናችን ቴርሞሜትሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ቁጥሩን ለማውረድ ስንሯሯጥ መድኃኒት እንደራርባለን፣ ቀዝቃዛ ውሃ እናፈስሳለን፣ ስንት ለፍቶ የተኛውን ልጅ እንቀሰቅሳለን። ትኩሳቱ ያላደረሰውን ጉዳት አንዳንዴ የሚያደርሰው ይኼ ሩጫ ነው።

ፍርሃቱ የዛሬ አይደለም። ባርተን ሽሚት የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም 81 ወላጆችን ስለ ትኩሳት ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1980 ውጤቱን አሳትሟል። 40 ዲግሪ ያልሞላ ትኩሳት እንኳ አንጎል ይጎዳል ብለው የሚያምኑት ብዙ ነበሩ። ዛሬም ወላጆችን ብትጠይቁ ተመሳሳይ መልስ ትሰማላችሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ኢንፌክሽን የሚያመጣው ትኩሳት ልጓም አለው። ሙቀቱን የሚያዘው አንጎል ራሱ ስለሆነ ከ41 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ሙቀት በራሱ አንጎልን ይጎዳል የሚባለው ወደ 42 ሲጠጋና ከዚያ ሲያልፍ ነው። እዚያ የሚደረሰውም በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ሙቀት ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ልጅ የሚደርስበት አደጋ ይኼ ነው። እሱ ከትኩሳት የተለየ ነገር ነው፤ ሕክምናውም የተለየ ነው።

ሰውነት ለምን ራሱን ያሞቃል?

አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። የሰውነትን ሙቀት ልክ የሚወስነው እሱ ነው። ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች መልእክት ይልካሉ። በዚህ ምክንያት ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይመረትና ሃይፖታላመስ ልኩን ከ37 ወደ 39 ከፍ ያደርገዋል። ልኩ 39 ከሆነ 37 ላይ ያለ ሰውነት በረደኝ ይላል። ልጁ ይንዘፈዘፋል። ሙቀት እንዳይባክን ደም ከቆዳው ይሸሻል፣ እጅና እግሩም ይቀዘቅዛል።

ግንባሩ እሳት፣ እግሩ በረዶ የሆነ ልጅ ስንቱን ቤተሰብ ግራ ያጋባል! ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ትኩሳቱ ገና እየወጣ ነው ማለት ነው። ሲያንዘፈዝፈው ቀለል ያለ ነገር ደረብ ይደረግለት፣ መንዘፍዘፉ ሲያቆም ይነሳለት። በሦስት ብርድ ልብስ መጠቅለል ግን ሙቀቱ መውጫ እንዲያጣ ያደርጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ትኩሳቱ ወጥቶ ከረጋ በኋላም እጅና እግሩ እንደቀዘቀዘ ከቀረና ልጁ ከደከመ፣ ወይም ቆዳው ከገረጣ፣ ሐኪም ይየው።

ቀዝቃዛ ውሃ ለምን እንደማይሠራም ከዚሁ ይገባል። የትኩሳት መድኃኒቶቹ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲንን ምርት ስለሚቀንሱ ልኩን ራሱን ያወርዱታል። ውሃ ግን የሚያቀዘቅዘው ቆዳን ብቻ ነው። የሃይፖታላመሱ ትእዛዝ አልተለወጠምና ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፣ ሰውነቱም የተወሰደበትን ሙቀት ለመመለስ ይታገላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ለብ ባለ ውሃ ማሸትን እንኳ አይመክርም። ልጁ ወዶት ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ብትጠርጉለት ችግር የለውም፤ ግን ምቾት እንጂ ሕክምና አይደለም።

አልኮል መቀባት ግን ፈጽሞ አይደረግም። አልኮል በልጅ ቆዳም በትንፋሽም ወደ ደም ይገባል። የደም ስኳርን አውርዶ ራስን እስከማሳት ያደርሳል።

እግረ መንገዴን ስለ እንሽላሊት አንድ ነገር ላንሳ። እንሽላሊት ከውስጥ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ሲታመም ግን ሞቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ ባክቴሪያ የተወጉ የበረሃ እንሽላሊቶችን በተለያየ ሙቀት አቆይተው ነበር። ሞቅ ያለ ቦታ የቆዩት በብዛት ሲተርፉ ቀዝቃዛ ቦታ የቆዩት አለቁ። ልጅ እንሽላሊት አይደለም፤ ማንም በዚህ ብቻ ልጅን አያክምም። ትኩሳት በሽታ ሳይሆን የመከላከያ አንዱ መንገድ መሆኑን ለማየት ግን ጥሩ ማሳያ ነው።

ታዲያ መድኃኒት አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሰነድ የሕክምናው ዋና ግብ ልጁ እንዲመቸው ማድረግ እንጂ ሙቀቱን ወደ 37 መመለስ አይደለም ብሏል። ልጁ ካመመው፣ ከተነጫነጨ፣ መጠጣት ካቃተው መድኃኒት ይሰጠዋል። 38.6 ሆኖ እየተጫወተ ከሆነ ሙቀቱን ለማውረድ ብቻ ተብሎ አይሰጠውም። ተኝቶ ከሆነም ይተኛ።

አለካክ

እጅ ግንባር ላይ ማድረግ ከንቱ አይደለም። እናት ዳብሳ "አላተኮሰውም" ካለች አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። "አተኩሶታል" ስትል ግን የመሳሳት ዕድሏ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ ይለካ። ለድክድክ ባይ ልጅ አመቺው በብብት የሚደረግ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። ብብቱ ይደርቅ፣ ጫፉ ቆዳው ላይ በደንብ ይረፍ፣ ክንዱ ደረቱ ላይ ተገጥሞ ድምፅ እስኪሰጥ ይያዝ። ሲወራጭ የተለካ ቁጥር አይታመንም። አሁን ታጥቦ ከወጣ ወይም ተጠቅልሎ ከነበረ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቁ።

በፊንጢጣ 38 እና ከዚያ በላይ፣ በብብት ደግሞ ከ37.5 ጀምሮ ትኩሳት ይባላል። የጤነኛ ልጅ ሙቀትም ማታ ማታ ከጠዋቱ ከፍ ስለሚል ለብቻው የቆመ 37.4 ወሬ አይሆንም። በአፍ መለካት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ ይነክሰዋል። የድሮው ባለ ሜርኩሪ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ደግሞ ቤት ውስጥ ካለ ከልጅ ይራቅ። አገሮች ሚናማታ በተባለው የሜርኩሪ ስምምነት ምርቱን እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ለማቆም የተስማሙት ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩን አስቀምጡት። በየ10 ደቂቃው መለካት ልጁን ከማስለቀስና እናንተን ከማስጨነቅ ሌላ ጥቅም የለውም።

መጠኑ በኪሎ ነው

ቤት ውስጥ ከባዱ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ፓራሲታሞል ለልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ነው። በአንድ ጊዜ፣ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። ለመድገም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይጠበቃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ባያልፍ ይመረጣል። በዕድሜ ብቻ መስጠት ለከሳ ልጅ አደገኛ ነው። ሁለት የ2 ዓመት ልጆች የ4 ኪሎ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል።

ስህተቱ የሚገባው ከጠርሙሱ ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ነው። ጠርሙሱ ላይ "በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም" ከተጻፈ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊሊትር ይሰጠዋል። "በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም" የሚል ከሆነ ከ2.4 እስከ 3.6 ሚሊሊትር ብቻ ነው። በጠብታ የሚሰጥም አለ፤ ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ይይዛል። ከዚያ የሚበቃው ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊሊትር ነው። ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። ሦስቱም ጣፋጭ ናቸው። ሌሊት በስልክ መብራት ሲታዩ ደግሞ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።

ባለፈው ከመጀመሪያው ጠርሙስ 5 ሚሊሊትር የሰጠ አባት ዛሬ ያንኑ 5 ከጠብታው ቢሰጥ ልጁ 500 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው። ለ1 ኪሎ ከ40 በላይ መሆኑ ነው። በቀን አራት ጊዜ ከተደገመ ጉበቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የዚህ ጉዳት ክፋቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ደህና ሊመስል ይችላል። ከመጠን በላይ መሰጠቱ ከታወቀ ምልክት ሳይጠብቁ፣ ጠርሙሱን ይዞ፣ ወዲያው ወደ ሕክምና። አሜሪካ ውስጥ አምራቾቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን የሕፃናት ፓራሲታሞል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በ5 ሚሊሊትር 160 ሚሊግራም ወደሚል አንድ መጠን ለማምጣት የተስማሙት እንዲህ ያለው መደናገር ስለበዛ ነው። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ። ማንበብ ካልቻላችሁ ፋርማሲስቱ መድኃኒት መስጫው ሲሪንጅ (መርፌ የሌለው) ላይ ምልክት ያድርግላችሁ።

ማንኪያ ይቅር። የሻይ ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊሊትር አይይዝም። በሲሪንጅ፣ ወደ ጉንጩ ጥግ፣ ቀስ ተብሎ ይሰጠዋል። ጠርሙሱም አስቀድሞ በደንብ ይናጥ። ሌላው ወጥመድ የጉንፋን ሽሮፕ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የሰጠ ሰው ሳያውቀው መጠኑን አጠፈው።

አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ይሆናል፤ ለ1 ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ። ግን ልጁ እያስመለሰው ወይም ተቅማጥ ይዞት ፈሳሽ ካነሰው ኩላሊቱን ሊጎዳ ስለሚችል አይሰጠው። ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ከወጣበትም አይሆንም። ደንጌ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ባለበት አካባቢም፣ ደም መፍሰስን ስለሚያባብስ፣ አይሆንም። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም አይሰጥም። ሬይ ሲንድረም ከሚባለው፣ ጉበትንና አንጎልን ከሚያጠቃ ችግር ጋር ይያያዛል።

ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንን ማፈራረቅ በተለይ ወላጆች ዘንድ ተለምዷል። እኔ አልወደውም። በሁለት ጠርሙስ፣ በሁለት መጠንና በሁለት የሰዓት ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ ሳይሳሳት የሚዘልቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዱን መርጦ በትክክል መስጠት ይሻላል። በእሱ ካልተመቸው ብቻ ሌላውን ሐኪም ጠይቆ መሞከር ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መስጠት ግን አይመከርም።

ከመድኃኒት ምን ይጠበቃል? አብዛኛውን ጊዜ የ1 ወይም የ1.5 ዲግሪ መውረድ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። 39.8 የነበረው 38.5 ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል። "ቶሎ ስለወረደለት ቀላል ነው፤ ስላልወረደ ከባድ ነው" የሚባለው ግን አያስኬድም። በቫይረስም በባክቴሪያም የመጣ ትኩሳት በፓራሲታሞል ሊወርድ ይችላል። ትኩሳቱ ወረድ ሲል ማየት ያለባችሁ ልጁን ነው፦ ነቃ አለ? ጠጣ? ዐይን ለዐይን ተያያችሁ? ሙቀቱ ወርዶም ፈዞ ከቀረ ስጋቱ ይጨምራል።

መጠጥና ልብስ

የሚያተኩሰው ልጅ በላብና በትንፋሽ ብዙ ውሃ ያጣል። ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀንስ አትጨነቁ፤ መጠጥ ግን አይቅር። የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ሌላው ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ ይጠጣ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ኦ.አር.ኤስ. (በውሃ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር) ይሰጠዋል። ዋናው መለኪያችሁ ሽንት ነው። ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ አፉ ከደረቀ፣ ዐይኑ ወደ ውስጥ ከገባ ፈሳሽ አንሶታል። አንድ ስስ ልብስና አየር ያለው ክፍል ይበቃዋል።

ሲያንቀጠቅጠው

ቤተሰብን እንደዚህ የሚያስደነግጥ ነገር ጥቂት ነው። ልጁ በድንገት ይገተራል። ዐይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል። እጅና እግሩ በምት ይርገበገባል። ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል። ያየ ሰው ሁሉ የሞተ ይመስለዋል።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100ው ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ትኩሳት ሲይዛቸው ይህ ይገጥማቸዋል። አብዛኛው ከ5 ደቂቃ በታች ቆይቶ በራሱ ያቆማል። አጭርና ቀላል ከሆነ አንጎል ላይ ጉዳት ትቶ አይሄድም።

በዚያች ሰዓት የሚደረገው ጥቂት ነው፣ ግን ለደነገጠ ሰው ከባድ ነው። መጀመሪያ ሰዓት ተመልከቱ፤ አንድ ደቂቃ አስር ደቂቃ ይመስላል። ልጁን መሬት ላይ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቅና ትውከት እንዳያንቀው። አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነገር አንሱ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፦ ጣትም፣ ማንኪያም፣ ውሃም፣ መድኃኒትም። አጥብቃችሁ አትያዙት። 5 ደቂቃ ከሞላ ወይም መልሶ መላልሶ ከያዘው አምቡላንስ ጥሩ ወይም ሩጡ። ቢያቆምም፣ በተለይ የመጀመሪያው ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የመንቀጥቀጡ መነሻ ማጅራት ገትር አለመሆኑን የሚያጣራው ሐኪም ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ልጁ ትንሽ በሞቀው ቁጥር ፓራሲታሞል መስጠት ይጀምራል። ያሳዝናል፤ ግን የትኩሳት መድኃኒት መንቀጥቀጡ እንዳይመለስ አይከላከልም። አንዴ ከያዛቸው ልጆች ሲሶ የሚሆኑትን ሌላ ጊዜም ይይዛቸዋል። የሚጠቅመው በጎን ማስተኛትን ሞግዚቷም አያትም እንዲያውቁት ማድረግ ነው።

የማይጠበቅበት ጊዜ

ከ3 ወር በታች ያለ ጨቅላ 38 ከደረሰ ቤት ውስጥ አይጠበቅም። መድኃኒት ሰጥቶ ማየትም የለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

ለትልልቆቹ የዓለም ጤና ድርጅት ጤና ባለሙያዎችን የሚያስተምራቸው የአደጋ ምልክቶች አራት ናቸው፦ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ። አንዱ ብቻ ይበቃል። ወላጅም በቀላሉ ሊያያቸው ይችላል።

ትንፋሹንም ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ የሆዱን መነሳት አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ሽፍታ ካለ በጥርት ያለ ብርጭቆ ጫን ብላችሁ እዩት። ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ለሰከንድ አይጠበቅም። በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የዐይኑን ሽፋን ውስጡን ተመልከቱ። አንገቱ ከደረቀም እንዲሁ።

ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም በቅርቡ ሄዶ የመጣ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። "ጉንፋን ነው" ብሎ ሁለት ቀን መጠበቅ እዚህ ላይ አይሠራም።

ቁጥርም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። 40 ከደረሰ ይታይ። ከ3 ቀን በላይ ከቆየ ይታይ። ጉንፋንም ተቅማጥም ሳይኖር ብቻውን 39 እያለ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሴት ልጆች ላይ። የሽንት ምርመራ ጠይቁ። "ጥርስ እያወጣ ነው" የሚለው ምክንያት እዚህ ብዙ ልጅ አዘግይቷል። ጥርስ ቢበዛ ትንሽ ያሞቃል እንጂ 39 አያደርስም። ቤት ውስጥ ከባለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም ሐኪሙ የሚያየውን ምልክት ከማደብዘዝ በቀር ለቫይረስ ምንም አይሠራም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አንድ ወረቀት ያዙ። ትኩሳቱ የጀመረበት ሰዓት፣ ከፍተኛው ቁጥርና የት እንደተለካ፣ የተሰጠው መድኃኒት በስንት ሚሊግራምና በስንት ሰዓት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናበት ሰዓት፣ የልጁ ኪሎ። ጠርሙሱንም ጨምሩበት። "ሌሊቱን ሙሉ ያተኩሰው ነበር" ከሚለው ይልቅ ይኼ ሐኪሙን ይረዳዋል። ልጁን ሌላ ሰው ሲረከባችሁም ወረቀቱ አብሮ ይሰጥ፤ እናቱ ሰጥታው የወጣችውን መድኃኒት አባቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንዳይደግመው።